የቃለ ጉባኤው ኅዳግ

ደሴ ወስደው ሦስት ቀን አሠለጠኑን፤
ግድግዳ ላይ ትልቅ ክብ ሥለው አሳዩን።
«ችግሩ ይለያል፤ አማራጭ ይቀርባል፤
ይወሰናል፤ ይፈጸማል፤ በኋላም ይመዘናል፤
ከዚያ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ዞሮ ይጀምራል።»
ክቡን ገለበጥኩት፣ ሳንቲም አስቀምጬ፣
ለአበል ፈርሜ፣ ዳቦዬን አላምጬ።
አቀበቱን በሚኒባስ፣ ክቡን በደረት ኪሴ ይዤ፣
ኩታበር ገባሁ፤ የገባው ሰው መስዬ፣ ፈዝዤ።

ከኛ ቀበሌ በላይ ዝንጀሮ ገደል አለ፤
አሥራ አንድ ክረምት እየተላጠ፣ እየተጋጠ፣ እየጎደለ።
ጦይባ እንድሪስ፣ ገብሷን ደለል ሲውጥባት፣
አራት ማመልከቻ አመጣች፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጣት።
ቁጥር መስጠት ማለት መልስ መስጠት አይደለም፤
ቁጥር እንደተሰጠው ጩኸት በወግ የሚታሰር የለም።
ያ ሁሉ ዘመን ችግር ነበረ፤ አጀንዳ አልነበረም፤
ችግር እግር አለው፤ የስብሰባን ደጅ ግን አይደፍርም።

በአሥራ ሁለተኛው ነሐሴ፣ ጎርፉ መንገድ ቆረጠና
አምስት ሰዓት ሙሉ ጭቃ ውስጥ አቆየ የዞን መኪና።
በማግሥቱ ጠዋት፣ ተራ ቁጥር አንድ፦
«አስቸኳይ። የዝንጀሮ ገደል ጉዳይና መንገድ።»
ጦይባ ሰምታ ሳቀች፣ አፏን በሻሿ ይዛ፤ ሳቋ ግን አልሰመረላትም፤
«ለካ ጭቃ ውስጥ ጎማ ካልገባ፣ ወረቀት ማንም አያነብም!»

አማራጮች ቀረቡ። መዝጋት፣ ከሰውም ከከብትም።
ግማሹን መዝጋት። ሦስተኛውን፣ «ይቆይ»ን፣ ማንም አልጠራውም፤
አሥራ አንድ ዓመት የመረጥነው እሱን ነበር ግን፤
እጅ ሳናወጣ፣ ድምፅ ሳንቆጥር፣ እንዲያው ተቀምጠን።

ሼህ ይመር ሙሄ ተነሡ፦ «ፍየል ያለው ደሃ ነው፤
ዘንድሮ ጫፉን ዝጉ፤ ሲያምር ያየ ጎረቤት የቀረውን ራሱ ይዝጋው።»
የግብርናው ባለሙያ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣ «በጥናት» አለ፤
ጥናቱ ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ መብራት ደግሞ የለ።
ባወቅነው ልክ አውቀን፣ በተረፈን ሰዓት፣
«ይበቃል» ያልነውን ያዝን፤ ለ«ይበልጣል» አልቀረን ትንፋሽም ብርታት።
አሥራ ሰባት ለስድስት፤ «ሙሉ በሙሉ ይዘጋ»።
ሼህ ይመር ምርኩዛቸውን አነሡ፤ ቀለሜም ገና አልረጋ።
ሴቶቹ ከበሩ ሥር ነበሩ፣ አግዳሚ ላይ ተጣበው፤
«ሐሳብ ካላችሁ?» ተባሉ፣ ሰው ወንበር ሲጎትት፣ ሲያበቃ ስብሰባው።

አራጋው ሰይድ ጥበቃ ሆነ። ከመመሪያው አራት ገጽ አንዱን አጥፎ
ጫማው ውስጥ አነጠፈው፤ ሶሉ ነበርና ተገፎ።
ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ፖሊሲ የሚያወጣው እሱ ነው፤
የነጋዴውን በሬ በፊሽካ ይመልሳል፤ የጦይባን ፍየል ዐይኑ አያየው።
ደሴ በሣሉት ክብ ውስጥ አራጋው አልተሣለም፤
ክቡ ግን ያለሱ ትከሻ አንድ ስንዝር አይንከባለልም።

ሦስት ዓመት ሆነው አሁን። ሣሩ ወገብ ደረሰ። ምንጭ፣ ትንሽዬ፣ ከሥር ወጣች።
ሪፖርት ላክን፤ «ዘጠና ሁለት በመቶ»። ዘጠና ሁለቷ ከየት መጣች?
እኔ ነኝ የጻፍኳት፤ የኔ ፊርማ ነው ያለበት፤
ፍየላቸውን ሸጠው የተሰደዱት አምስት ቤቶች፣
ሠንጠረዡ ዓምድ የለው ለነሱ የሚገቡበት።

ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊ የሚፈቀደው የተባለው ነው፤
ያልተባለውን ኅዳግ ላይ ነው፣ በእርሳስ፣ በቀጭኑ የምጽፈው።

ትናንት ጦይባ መጣች፣ በአምስተኛ ማመልከቻ፤
«ምንጯ የማን ናት?» የምትል፣ አንዲት መስመር ብቻ።
ቁጥር ሰጠኋት።
ኅዳጉ ላይ «መኪና አትጠብቁ» ብዬ ጫርኩ፤
ላጲሴን ፈለግኩ ወዲያው።
እስካሁን አላገኘሁትም፤ ምናልባት በደንብ አልፈለግኩ።